ሰማያዊው ክር ከቀዩ ሲያልፍ

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ዊዳድ። ሰልሳቢል ከጎኗ ቆማ ሰማቻት፤ እንደ ልማዷም ዝም አለች።

ይህን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ ሰልሳቢል ያበጀችው የቃላት ጨዋታ፣ ስምንተኛ ክፍል ለቤተ መጻሕፍቱ የሠራችው የመጽሐፍ መፈለጊያ፣ ዘጠነኛ ክፍል ደግሞ የደወል ሰዓት የሚያስታውሰው ፕሮግራም፣ ሁሉም በዊዳድ አፍ «የኔ» ሆነው ቀርተዋል። ጽፋ የምትጨርሰው ሰልሳቢል፣ ቆማ የሚጨበጨብላት ዊዳድ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገሩ እንዲህ ቀጠለ።

ለምን ዝም አለች? ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፣ አንዱ ይሄ ነው። ዋናው ግን ላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑ የዊዳድ ነው። ሰልሳቢል ቤት ኮምፒውተር ቀርቶ ደህና ጠረጴዛም የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል፣ ዊዳድ ቤት በታክሲ እየሄደች፣ ዊዳድ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ፣ እሷ መሬት ቁጭ ብላ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ትጽፋለች። የዊዳድ እናት እትዬ ራህማ ምሳ ሳያበሏት አይሸኟትም። «ብዪ ልጄ፣ ከስተሻል» ይሏታል። እንዲህ ያበላን ቤት ልጅ ማዋረድ፣ ወጪት ሰባሪ መባልን ያመጣል።

የዘንድሮው ግን ከሁሉም ባሰባት፤ የእናቷ ነገር ነዋ።

እናቷ ሚስኪ ልብስ ሰፊ ናት። አየር ጤና፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ትሰፋለች። ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የደንበኛን ልክ ደብተር ላይ አትጽፍም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ ጥብጣብ አላት። ጥብጣቡን ደረት ላይ ትጠመጥምና የደረሰበት ቦታ ላይ ቀይ ክር ትሰፋበታለች፤ ለወገብ ሰማያዊ፣ ለዳሌ ጥቁር። የማን እንደሆነ እንድታውቅ ጫፉ ላይ ከደንበኛዋ ጨርቅ ቁራጭ ትቀጥልበታለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርታለች፤ ልክ ስቶባት አያውቅም።

ሰልሳቢል ይህንኑ ጥብጣብ ስክሪን ላይ ማምጣት አማራት። ስክሪን ላይ የሚጫኑት ቁልፍ፣ የሚጽፉበት ሳጥን፣ የሚጎትቱት መስመር ዊጀት ይባላል፤ ፓይተን ብዙውን አዘጋጅቶ ይሰጣል። ባለ ሦስት ክር ጥብጣብ ግን ከየት ይምጣ? ከባዶ ተነሥታ ራሷ ሣለችው፤ ማውዙ ሲነካው ክሩ እንዲያውቅ፣ ሲጎትተው እንዲከተል፣ ሲለቀው እንዲቆም አደረገች። ከክሩ በላይ ሴንቲሜትሩ ይወጣል። አራት ወር ፈጀባት። መጀመሪያ ሰሞን ቀዩን ስትጎትት ጥቁሩ ተነሥቶ ይሄድባት ነበር።

ያለቀ ዕለት ላፕቶፑን ዊዳድን ለምና እናቷ ዘንድ ወሰደችው። ሚስኪ ማውዙን እንደ መቀስ ጨብጣ ሰማያዊውን ክር ወዲያና ወዲህ አለችው።

«ይሄ የኔ ጥብጣብ አይደለም እንዴ! ማን ነገረው?»

«እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ትምህርት ቤትሽ ያውቃል? ወይስ ዘንድሮም ያቺ ልጅ ናት?»

ሰልሳቢል ላፕቶፑን ዘጋችው። ሚስኪም ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረችና መስፋቷን ቀጠለች።

ዛሬ እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ ነው። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታቸው፣ የሰኔ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አንደኛ የወጣውን የሠራ አንድ ተማሪ ለክረምቱ የፕሮግራሚንግ ሥልጠና ይላካል። አንድ ብቻ። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «የራሱ ላፕቶፕ ያለው ይመረጣል» ይላል።

ዊዳድ እሱን ቀድማ አንብባዋለች። ጠዋት ሰልሳቢልን ደረጃው ሥር ጎትታ ወሰደቻት።

«ሰልሲ፣ የኔ ስም ይሁን። አንቺን ያለ ላፕቶፕ አይወስዱሽም። ቦታው ከሚቃጠል እኔ ልሂድና የተማርኩትን አሳይሻለሁ፤ ወላሂ።»

«ግን እኮ እኔ…»

«አታካብጃ! ደግሞ ሰው ፊት ቆመሽ ልትናገሪ ነው?»

ልክ ነበረች። የሚያመውም እሱ ነው።

አሁን ዊዳድ ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ ስለ ጥብጣቡ አሳምራ እያወራች ነው። የኮምፒውተር መምህሩ ቲቸር ነገሬ እየሰሙ ይጽፋሉ። የባዮሎጂ መምህርቷ ቲቸር ዋጋነሽ የሰባት ወር ሆዳቸውን ደግፈው ጠጋ አሉ።

«እስቲ እኔን ለኪኝ፤ ልብስ ሁሉ ጠቦኛል።»

ዊዳድ በሜትር ለካቻቸው። ደረት ዘጠና ስድስት፤ ቀዩን ክር ጎትታ አስቀመጠችው። ወገብ መቶ አራት። ሰማያዊውን ክር ጎተተች። ክሩ ዘጠና ስድስት ላይ፣ ቀዩ ሥር ደርሶ ቀጥ አለ። ብትጎትት፣ ብትጎትት፣ እምቢ አለ።

«ቲቸር፣ ኮምፒውተሩም ጠበበዎት!» አለ ኢዮሲያስ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል!» አሉ ቲቸር ዋጋነሽ። እሳቸውም መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን ሳቁ ሲረዝም ቅር አላቸው።

ሰልሳቢል ወዲያው ገባት። እሷ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈችም። የእናቷ ሰማያዊ ክር ሲያስፈልግ ከቀዩ ያልፋል፤ የአየር ጤና እርጉዝ ግማሹ የሚስኪ ደንበኛ አይደለም ወይ? ዊዳድ ትናንት ማታ «ክሮቹ እንዳይጣረሱ አሳመርኩት» ብላት ነበር። የሴት ወገብ ከደረቷ አይበልጥም ብላ መሆን አለበት።

ዊዳድ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ጣቷን ወደ ሰልሳቢል ቀሰረች።

«እሷ ናት የነካካችው! ስንቴ አትንኪ አልኳት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያማረው ሁሉ የዊዳድ ነበር። ዛሬ የተበላሸው የሰልሳቢል ሆነ።

«ምን ቆመሻል? አስተካክይዋ!» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

መተው ትችል ነበር። ሥራው ይወድቅ፣ ማንም አይሂድ፣ በቃ። ግን ጥብጣቡ የእናቷ ነው። ቁጭ አለችና ኮዱን ወደ ታች ወረደችበት። አገኘቻቸው፤ ሁለት መስመር ብቻ ናቸው። ወገብ ከደረት ከበለጠ ደረት ላይ ይቁም ይላሉ። አጠፋቻቸው። ሰማያዊውን ክር ስትጎትተው ቀዩን አልፎ ሄደና መቶ አራት ላይ ተቀመጠ።

«እሰይ! ለካ ልክ አለኝ» አሉ ቲቸር ዋጋነሽ።

ከሰዓት ውጤት ሲነገር አንደኛ የወጣው ጥብጣቡ ነበር። ቲቸር ነገሬ አንድ ፎርም ይዘው መጡና እስክሪብቶውን ለዊዳድ ዘረጉላት። ሰልሳቢል መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ቲ… ቲቸር።»

ከኋላ አንዱ ሳቀባት። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ጀመረች።

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ይሄንንም፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያለውንም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? በማን ላፕቶፕ?» አለች ዊዳድ።

«ባንቺ። እሱንም አልክድም።»

ቲቸር ነገሬ ሁለቱንም በየተራ አዩዋቸው። «ዊዳድ፣ ማውዙ ክሩን መንካቱን የሚያውቀው የቱ መስመር ላይ ነው? አሳዪኝ።»

ዊዳድ ኮዱን ወደ ላይ አወጣችው፣ ወደ ታች አወረደችው። የተባለውን መስመር አላገኘችውም። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋችና ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለች።

«እማዬ እንደ ልጇ ነው የምታይሽ» አለች። «ሁለተኛ ቤታችን እንዳትመጪ።»

ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ሄደች። ሰልሳቢል ደስ ይለኛል ብላ ነበር። አልሆነም። እትዬ ራህማ ዛሬ ማታ ይህን ሲሰሙ የሚያሳዩትን ፊት ብቻ አሰበች።

ቲቸር ነገሬ ወንበር ሳቡላት። «ማስታወቂያውን አንብበሻል አይደል? ያለ ላፕቶፕ ፎርሙን ሊመልሱት ይችላሉ። ያን ጊዜ ቦታው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል። እኔ ላግዝሽ ብል የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ከግቢ አይወጡም።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። የሠሪው ሙሉ ስም በሚለው ላይ ሰልሳቢል ሽኩር ብላ ጻፈች። ፊደሉ ተጣመመ፤ አልሰረዘችውም። ቀጥሎ ያለው መስመር፣ የራስዎ ላፕቶፕ አለዎት ወይ ይላል። ጥቂት አየችው።

«የለኝም» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠቻቸው።