ስሞቹ የተደረደሩ ዕለት

ወይዘሮ ሐቢባ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ሞተ የተባለው ልጇ ዓብዱልባሲጥ በክራንች ተደግፎ ነገሌ ቦረና ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ቀኝ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እናቴን የገደላትን ሰው ፈልጉልኝ» አለና አንድ ደብዳቤ ዘረጋ።

መርማሪው ሻምበል ኃይለማርያም አነበበው። «ልጅዎ ዓብዱልባሲጥ በግዳጅ ላይ ተሰውቷል» ይላል። ሐቢባ ይህ ሲነበብላት ከሱቋ በርጩማ ላይ ወደቀች፤ አልተነሳችም። ዘመኑ 1982 ነው፤ ጦርነቱ ሰሜን ቢሆንም እሳቱ ቦረና ድረስ ይፋጅ ነበር።

ሻምበሉ ሳያስበው የደረት ኪሱን ዳሰሰ። እዚያም እንዲሁ ያለ ደብዳቤ አለ፤ የእሱ ግን የምሥራች ነው፦ «ልጅዎ ዘሪሁን ቀኝ እግሩን ቆስሎ ታክሟል፤ በቅርቡ ይመለሳል።» ባለቤቱ አመለወርቅ ይህን ከሰማች ወዲህ የልጇን ብርድ ልብስ ሁለቴ አጥባለች። የሻምበሉ ዓይን ከዓብዱልባሲጥ ፋሻ ላይ አልነሳ አለ።

ደብዳቤዎቹ የወጡት የዘማች ቤተሰቦችን ከሚረዳ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። ገበያው የሐቢባ የንግድ ባላንጣዎች አስመስለው ያስጻፉት ነው እያለ ያማ ነበር። ደብዳቤውን ያደረሱት አዛውንቱ ጎሊቻ ግን ሌላ ቁጭት ነበራቸው።

«አካም ሻምበል» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ። «መርዶ በወረቀት አይነገርም ብያለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቀስ ብሎ ነው። ማን ሰማኝ?»

የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ቡርቱካን አሠራሩን ለሻምበሉ አስረዳችው። ደብዳቤው አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የወላጅ ስም፣ የልጅ ስምና ዜናው የሚገቡበት ቦታ ክፍት ይተዋል። እነዚህ ሦስቱ በሌላ ፋይል በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ መስመር በመስመር እያነሳ ይሞላል። ሰኞ ሠንጠረዡን አትማ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራ ነበር። ማክሰኞ እኅቷ ስለወለደች ልትጠይቃት ወደ አሬሮ ሄደች። የሰኞውን ወረቀት ስትሰጠው ሻምበሉ የሐቢባን መስመር ብቻ አነበበ፤ የቀረውን በመዳፉ ሸፈነው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሙሉነህ ከማተም በቀር ምንም አልነካሁም ብሎ ማለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ አራቱንም ጽሕፈት ቤቱ ሰበሰባቸው።

«ማኅተሙም ፊርማውም እውነተኛ ነው፤ የባላንጣ ሥራ አይደለም» ብሎ ጀመረ። «ሰኞ በሐቢባ መስመር የነበረው ዜና ‹ቀኝ እግሩን ቆስሎ› የሚል ነው። ፋይሉ ልክ ነበር ማለት ነው። መዝገቡ የተጻፈው በምዝገባ ተራ ነው፤ ኦቦ ጎሊቻ የተረከቡት ደብዳቤ ግን በፊደል ተራ ነበር። ማሽኑ ፋይሉ የተነካው ረቡዕ ነው ይላል። ረቡዕ ቡርቱካን አሬሮ ነበረች፤ ቁልፉም አንተ ዘንድ ነበር፣ ጓድ ሙሉነህ። ስሞቹን ደረደርክ፤ ዜናው ግን ባለበት ቀረ። የአንዱ ሞት ለሌላው ቤት ደረሰ።»

ሙሉነህ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ነበር። ስሞቹ በተራ ቢሆኑ ያምራል ብዬ ነው። ዜናውም አብሮ የሚሄድ መስሎኝ . . .»

ተንኮል አልነበረም። ለሐቢባ ግን ምን ይጠቅማታል?

ሻምበሉ የኪሱን ደብዳቤ አውጥቶ ለዓብዱልባሲጥ ሰጠው። «ይህ ለእናትህ መድረስ የነበረበት ነው። የቆሰለው ያንተ እግር ነው፣ ልጄ።» ከዚያ የሰኞውን ወረቀት ወደ ቡርቱካን ገፋ። «የኔን አንብቢልኝ።»

ቡርቱካን ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ።

ጎሊቻ ወረቀቱን ከፊቷ አንስተው አጠፉት። «ይበቃል። መርዶ በወረቀት አይሆንም። ነገ ማልደን ሁላችንም ቤትዎ እንመጣለን፤ አመለወርቅ ከሰው አፍ ትስማ።»

ሻምበሉ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። መርዶውን የሚነግሩትን እነዚህን ሰዎች የሰበሰበ ራሱ ነበር። ዓብዱልባሲጥ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ አጠገቡ ተቀመጠ።

ሲመሻሽ ቤቱ ሲደርስ አመለወርቅ ብርድ ልብሱን ከገመድ ላይ እያወረደች ነበር።

«ደረቀ» አለችው ፈገግ ብላ።

አንዱን ጫፍ ይዞ አብሯት አጠፈ።