መሣሪያው የያዘው እርምጃ

ጎንደር ሳለን በአይሁድነታችን ጎረቤቶቻችን ቡዳ እያሉ ይሸሹን ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ወሬ ውሸት መሆኑን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሙት ተነሣ፣ ዛር ታየ ሲሉኝ ዝም ብዬ እስቃለሁ። ይሄን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመነኝ ወዳጄ።

ልጄ ሲጋል እዚህ ረሆቮት ከተማ፣ የአገሩ የፊዚክስ ምርምር ቦታ ውስጥ ፖስትዶክ ነበረች። ዶክተርነታቸውን ጨርሰው፣ ቋሚ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ለሁለት ለሦስት ዓመት በውል የሚሠሩትን ነው እንዲህ የሚሏቸው፣ እንደ እኔ ከሆነ የተማረ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ይሄ ሦስተኛ ውሏ ነበር፣ ሁለቱን በባዕድ አገር የጨረሰችው “ውጭ ያልሠራ እዚህ አይቀጠርም” ስላሏት ነው። እኛ እዚህ ለመግባት የሱዳንን በረሃ በእግራችን አቋረጥን፣ እሷን ደግሞ እዚህ ለመግባት መጀመሪያ ውጪ አሏት።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ለሰንበት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ “አባ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ፣ ያላ፣ እንሂድ” ብላ ወደ ምድር ቤቱ ይዛኝ ወረደች። የምትለካበትን መሣሪያ የሰው ኮቴ እንኳ ይረብሸዋል፣ እና አንድ ሰው በኮሪደሩ ሲራመድ መሣሪያው የሚስለው መስመር ምን ያህል እንደሚዘል ማየት ፈልጋ ነው።

“የዶክተር ረዳት አደረግሽኝ” አልኳት።

“ቋሚ አይደለህም፣ እንደኔው በውል ነህ” አለች እየሳቀች።

ሄድኩ፣ መጣሁ፣ ስጠጋ ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ እርምጃዬ ብድግ ብድግ ብሎ ተስሏል። “ቤሰደር፣ ጥሩ ነው፣ አሁን ቁም” አለችኝ፣ አጠገቧ ቆምኩ።

መስመሩ ግን አልቆመም።

አንድ ከፍ ያለ፣ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ የሚጎተት፣ ደግሞ አንድ ከፍ ያለ፣ ደግሞ የሚጎተት። ዞረን አየን፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ መብራቱም እንደበራ ነው። መስመሩ ሰው እየቀረበ እንደሚመጣ እየጎላ እየጎላ ሄደና እርምጃው ከሲጋል ወንበር ኋላ የደረሰ ሲመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ የሰማሁት፣ ወይም የሰማሁ የመሰለኝ፣ የደከመው ልጅ ትንፋሽ ነው።

“አባ፣ ምንድን ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማርሽው አንቺ።”

ዋሽቻታለሁ። ታላቅ ወንድሟ አበራ፣ እሷ ሳትወለድ በበረሃው መንገድ የቀረው፣ እሾህ ወግቶት የመገለ ግራ እግሩን እየጎተተ እንዲያ ነበር ከኋላዬ የሚራመደው፣ እኔም “ቶሎ በል” እያልኩ እቆጣው ነበር። እንደሞተ ታውቃለች፣ የእግሩን ነገር ግን ነግሬያት አላውቅም።

ያ እርምጃ ክረምቱን ሙሉ፣ እሷ በተቀመጠች ቁጥር መጣ። የሚያሠራት ፕሮፌሰር “መለኪያሽ አይታመንም” ብሎ ውሏን ሳያድሰው ቀረ። በቦታዋ የገባው ጎረምሳ በዚያው መሣሪያ ንጹሕ መስመር አገኘ፣ ቋሚ ቦታውንም ለእሱ ሰጡት።

“እኔ ስቀመጥ ብቻ ለምን፣ አባ?” አለችኝ ባለፈው ሰንበት። ወንድምሽ ነው ብላት ለየትኛው ፕሮፌሰር ትነግረዋለች? በሚመጣው ወር ለአራተኛ ውል ወደ ውጭ ትሄዳለች፣ ሻንጣዋን እየሞላች ነው። እኔም ማታ ለጸሎት ስቆም፣ አበራ ከእሷ ጋር ይሂድ ብዬ ልለምን ወይስ እኔ ዘንድ ይቅር፣ የትኛው እንደሚሻል ጠፍቶኝ ሳልለምን እቀመጣለሁ።