አልጋ ብቻ

የበሬ ነጋዴው አስናቀ በኑሪያ ማደሪያ ሞቶ የተገኘው፣ የነፋስ መውጫ ነፋስ አንዲት አህያ ከነጭነቷ አንስቶ ስማዳ ባደረሰ ማግስት ነው። አህያዋ ትቆየን። አስናቀ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል፤ አጠገቡ የከሰል ማንደጃ ከነአመዱ ተቀምጧል።

ሰፈሩ ሬሳውን ሳያይ የከሰል ጭስ ነው የገደለው ብሎ ፈረደ። ኑሪያ እጇን የምታሳርፍበት አጣች። ሻሿን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፤ በር ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ቤቱ ከታሸገ ልጆቿ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እሷም ወህኒ ትወርዳለች።

ያቺን ማደሪያ ያቆመችው ድሃ የሚተኛበትን እንጂ የሚኩራራበትን አይፈልግም ብላ ነው። በሩ ላይ «አልጋ ብቻ» ተጽፏል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ታዲያ ትራስ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ አምፖል የለም፣ በሩም መቀርቀሪያ የለው። ጓዝ ያበዛ ጨምሮ ስለሚከፍል፣ ማታ ማታ በር ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ጥቅል ትፈታለች። ደንበኛው «ኑሪያ ዘንድ የሚያድር ሕልሙንም ከቤቱ ይዞ ይመጣል» እያለ ያፌዛል፤ አፊዞም እዚያው ያድራል።

መርማሪዋ ሳጅን ይታይሽ ገብታ ሬሳው ላይ አጎነበሰች። ከጢሙ ውስጥ አንድ ነገር በጣቷ ጫፍ ለቅማ በወረቀት ጠቀለለች። ከዚያ ወደ ኑሪያ ዞረች።

«አስናቀ ማታ ምን ይዞ ገባ?»

«ዱላውንና አንድ ቡልኮ። ወላሂ፣ ራሴ ፈትቼ አይቻለሁ።»

«ማንደጃስ?»

«ማንደጃ ቢይዝ አስከፍለው አልነበር?»

ሌሎቹ እንግዶች ሁለት ናቸው። ወደ ቤተ ልሔም ደብር የሚያልፉት የቅኔ መምህር መሪጌታ ባዩ አጎዛና መጽሐፋቸውን ብቻ ይዘው ነበር፤ የአስናቀ የገበያ ጓደኛ ዓለምነህ ደግሞ ጋቢውን። ሁለቱም ነፋሱ ሲያጓራ አድሮ ምንም አልሰማንም አሉ። ዓለምነህ እያለቀሰ፣ ከወገዳ የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ዘንድሮ ከማዶው ከጋሼ አድማሱ ሆቴል ነቅሎ እዚህ ያመጣው አስናቀ እንደሆነ ተናገረ። ይታይሽ ይህን ስትሰማ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠርታ በጆሮው አንሾካሾከችና ላከችው።

ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ከመንገዱ ማዶ ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ያላቸው አድማሱም ተጠርተው መጡ።

«ጋሼ አድማሱ፣ እርስዎ በሙያው የቆዩ ነዎት። ጥፋቱ የማን ነው ይላሉ?»

«የእሷ ነዋ። በየክፍሉ ማንደጃ አስቀምጦ፣ መስኮት ክፈቱ አለማለት ምን ይባላል? እኔ ለእንግዳ ሳቀርብ አስጠነቅቃለሁ።»

መሪጌታ ባዩ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። «ይህች ሴት እኮ ልብስ መስቀያ ምስማር እንኳ አትሰጥም።»

ይታይሽ ወረቀቷን ፈታች። ውስጡ ብጣሽ ነጭ ጥጥ አለ።

«የትራስ ጥጥ ነው፣ እንደ ቡልኮና እንደ ጋቢ ያልተፈተለ፤ ከሟቹ ጢም የለቀምኩት። ኑሪያ ትራስ የላትም። ጥቅሉን ሁሉ ፈትታለችና ከእንግዶቹም ትራስ ያስገባ የለም። እንግዲህ ትራሱ በኋላ፣ በማይቀረቀረው በር ገብቷል። አስናቀ ታፍኖ ነው የሞተው። ማንደጃው በከሰል ለማላከክ የመጣ ነው። እዚህ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ግን ይህ ቤት ማንደጃ እንደማይሰጥ ያውቃል። የማያውቀው እዚህ አድሮ የማያውቅ ጎረቤት ነው።»

አድማሱ ወሬ ነው ሊሉ ሲጀምሩ ፖሊሱ ገባ። በእጁ ስፌቱ የተተረተረ፣ ገና ውሃው ያልተንጠፈጠፈ ትራስ ይዟል። ከአድማሱ ሆቴል፣ ማንደጃው ከጎደለበት ባዶ ክፍል እንዳመጣው ተናገረ።

«ጋሼ፣ እዚህ ክፍል እንግዳ ካደረ ሰንብቷል። ትራሱ ለምን ታጠበ?» አለች ይታይሽ።

አድማሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። «ብዙ ዓመት ያሳደርኩት ሰው» አሉ መሬት መሬት እያዩ፣ «ገበያዬን ነድቶ አሻግሮ ሰጣት። እሷም አብራው እንድትጠፋ ብዬ ነበር።»

ኑሪያ እጇ ከሻሿ ላይ ወረደ። ከጥዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና አረፈ።

ይታይሽ አድማሱን በክንዳቸው ደግፋ አስነሳች። «ጋሼ፣ ጋቢዎን ያስመጡ። የምንሄድበት ቤት አልጋም የለው።»