የተቀየረው ዲስክ

ጡረታ የወጡት አስተማሪ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ሞተው ተገኙ። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ከላይ እንደ ጡብ የከበደ አሮጌ ላፕቶፕ ክዳኑ እንደተከፈተ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ላፕቶፑን ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበች። ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ከዚያ «ሃርድ ዲስክ፦ አራት ጊጋባይት»። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው።

«ባትሪውስ?»

«አብጦ አባዬ ከጣለው ቆይቷል፤» አለች ልጃቸው ዓይኗን እየጠረገች። «ገመዱ ካልተሰካ አይሠራም። አዲስ ላፕቶፕ ልግዛልህ ስለው አሻፈረኝ ይላል። የእማዬ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነዋ! ከመሞቷ በፊት ስታነብለት የቀዳው። ሳይሰማው ውሎ አያውቅም።»

ከቤቱ አንዱን ክፍል የተከራየው ወጣት ቀጠለ። «ሙዚቃ ታበዛለህ ብለው ጮኸውብኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እሳቸው የሞቱ ዕለት ከሰዓት ሥራ ላይ ነበርኩ።» መሥሪያ ቤቱም ይህንኑ አረጋገጠ።

ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ፣ የአስተማሪው ታናሽ ወንድም፣ አንገቱን እንደደፋ መለሰ። «የወጣሁት መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ደህና ነበር። ላፕቶፑ ላይ ሲጽፍ ትቼው ሄድኩ።»

መርማሪዋ ገመዱን ሰክታ ላፕቶፑን አስነሳችው። እያጓራ፣ እየተንቀራፈፈ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ደግማ አየችው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መብራት ከጠፋ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ አይሠራም፤» አለች ወደ ጠጋኙ ዞራ። «ስለዚህ እርስዎ ሲወጡ ወንድምዎ እየጻፉ አልነበረም። ደግሞም ፋብሪካው የገጠመው ዲስክ አራት ጊጋባይት ነው፤ አሁን ውስጡ ያለው አርባ። ብሎኖቹ ላይ አዲስ ጭረት አለ። ከእናንተ መካከል ይህን ፈትቶ መግጠም የሚችል እርስዎ ብቻ ነዎት። የባለቤታቸውን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት። የት አለ?»

ጠጋኙ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ላስደስተው ብዬ ነው እኮ። አቧራውን ላጽዳልህ ብዬ ወስጄ ትልቅ ዲስክ ገጠምኩለት። ሁሉንም የገለበጥኩ መስሎኝ አሮጌውን አጠፋሁት። የእሷ ድምፅ ግን አልተገለበጠም። ሲያጣው ኮሌታዬን ይዞ አነቀኝ። ገፋሁት። ጠረጴዛው መታው... ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ወጣሁ።»

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሏል።»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጎቷ ፊት ቆመች።

«ታች ነበርኩ እኮ። ልብስ እያጠብኩ። ብትጠራኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳትጠዪኝ ፈራሁ፤» አለ።

«አሁንስ?»

መርማሪዋ ቀርባ ክንዱን ያዘችው።