የአሥራ ዘጠነኛው ሳምንት ቁጥር

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አንድ ወረቀት እስከ ግማሽ እንደ ጎረሰ መብራት ጠፋ።

«ኧረ በሕግ!» አሉ ጠበቃዋ፣ ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። ወረቀቱን ስበው አወጡና ሁለት ፋይል በብብታቸው ሸጉጠው ወደ በሩ ሄዱ። «ታች ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጄኔሬተር አለው። እነዚህን አባዝቼ ልምጣ። ቀጭኔ፣ አንቺ እስከዚያ ደብተርሽን ገጽ በገጽ እይው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛው ፊት ስትቆሚ እንደ ስምሽ ማወቅ አለብሽ።»

ቀጭኔ የቤት ስሟ አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከክፍሉ ወንዶች ሁሉ ስለምትረዝም፣ መረብ ኳስ ስትጫወትም ብዙ መዝለል ስለማያስፈልጋት የወጣላት ስም ነው። አሁን አሁን አስተማሪዎቹም በሱ ይጠሯታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ደግሞ ራዲዮ ናት። የራዲዮ ስም ከየት እንደመጣ አምስት ደቂቃ አብሯት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ደብተሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ለሳይንስ ክበብ ሥራ ነበር። ነጭ የቆርቆሮ ክዳን ሴንቲ ሜትር በተለካበት ገመድ ይታሰርና ወንዙ ውስጥ ይወርዳል፤ ክዳኑ ከዓይን ሲጠፋ ገመዱ ይነበባል። ቀጭኔ በየረቡዑ ሁለት ቦታ ትለካ ነበር፤ ከቆዳ ፋብሪካው በላይና ከፋብሪካው በታች። በላይ በኩል ክዳኑ እስከ ሰባ አምስት ድረስ ይታያል። በታች፣ የሰፈሯ ሰው ልብስ በሚያጥብበት በኩል ግን፣ አሥራ ሁለት አሥራ አምስት ላይ ድራሹ ይጠፋል። ሠላሳ አንድ ሳምንት፣ ሠላሳ አንድ ገጽ።

ያኔ ይህ ደብተር ፍርድ ቤት ይገባል ብሎ ያሰበ ሰው የለም። በኋላ ነው የሰፈሩ ልጆች እግር እየቆሰለ አልድን ያለው። የቀጭኔ ታናሽ እህት ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ቆዳዋ ተልጦ ስድስት ሳምንት ካልሲ ማድረግ አልቻለችም። አርባ አባወራ ተሰብስቦ ፋብሪካውን ከሰሰ። ክሱ በተመሠረተ በሳምንቱ ፋብሪካው ቆሻሻውን በቦቴ እያስጫነ ማራቅ ጀመረ፤ ወንዙም ጠራ። ከዚያ የፋብሪካው ሦስት ጠበቆች ዳኛው ፊት ቆመው «ውሃው ይኸው፤ ድሮም እንዲሁ ነበር» አሉ። ድሮ እንዴት እንደነበረ የጻፈ ሰው ሲፈለግ የተገኘችው ቀጭኔ ብቻ ነበረች።

ራዲዮ በመስኮቱ ብርሃን ገጾቹን ስትገልጥ ቆይታ ድንገት እጇ ቆመ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ ቀን የመረብ ኳሱ ፍጻሜ አይደል?»

 ቀጭኔ ገጹን ሳታይም ታውቀዋለች። ያን ረቡዕ ወንዙ ጋ አልሄደችም። ተጫውተው አሸንፈው፣ ሲጨፍሩ አምሽተው ቤት ገባች፤ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ገለበጠችና ተኛች። በላይ 75፣ በታች 14። ሌላ ቀን አድርጋው አታውቅም። አንዷን ደግሞ ረስቻታለሁ ብላ ራሷን አሳምና ነበር።

«ሳትለኪ ነው የጻፍሽው?» አለች ራዲዮ።

«አንድ ቀን ነው እኮ። ለክበብ ሥራ ነበር። ማን ያውቃል ብዬ...»

«አንቺ፣ ችግሩ እሱ አይደለም።» ራዲዮ ባልተለመደ ሁኔታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያን ሳምንት ፋብሪካው ዝግ ነበር። ለጥገና ብለው ሠራተኞቹን እነእማዬን ሳምንቱን ሙሉ ቤት አስቀመጧቸው። ትዝ አይልሽም? ጨዋታችንን ልታይ የመጣችው ለዚያ ነው። በሥራ ቀን መቼ ትመጣ ነበር?»

ቀጭኔ ክው አለች። የራዲዮ እናት ከመስመሩ ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ፣ የተላላጡ እጆቻቸውን በሻርፓቸው ሲሸፍኑ ታዩዋት። ፋብሪካው ዝግ በነበረበት ሳምንት ደብተሩ ውሃው ቆሽሿል ይላል። ወይ ወንዙን የሚያቆሽሸው ፋብሪካው አይደለም፣ ወይ ደብተሩ ውሸታም ነው። ሦስቱ ጠበቆች ከሁለቱ የፈለጉትን መርጠው ሊይዙ ነው።

«ጉድ ፈላ» አለች በሹክሹክታ።

ራዲዮ ግን ገጹን ትክ ብላ እያየች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ እስክሪብቶ አነሳች። «አንዲት ጭረት» አለች። «እዚህ አንዱ አናት ላይ። አሥራ አራቱ ሰባ አራት ይሆናል።»

«አትፎግሪኝ።»

«የምሬን ነው! ፋብሪካው ሲሠራ ድፍርስ፣ ሲዘጋ ጥርት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ደግሞ ውሸት አይደለም እኮ፤ ብትሄጂ ኖሮ ጠርቶ ነበር የምታገኚው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኛ ትንሽ ቀደም አድርገን እናጥራው።»

ቀጭኔ ሳትወድ ፈገግ አለች። እስክሪብቶውን ተቀበለች። መጀመሪያ አሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞከረችው፤ አንድ ጻፈች፣ አናቱ ላይ ሰረዝ ጨመረች። ሰባት። የቀለሙ ዓይነት እንኳን አንድ ነው።  የጨነቃት ነገሩ መክበዱ አልነበረም፤ መቅለሉ ነበር። ደግሞም ከሠላሳ አንዱ ገጽ ሁሉ ይበልጥ የሚያምረው፣ ሁሉም ሰው ጣቱን የሚጠቁምበት ገጽ፣ ያልሄደችበት ቀን ሊሆን ነው። ሌሎቹን ሠላሳ ረቡዕ በፀሐይና በዝናብ ተመላልሳለች።

ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ራዲዮ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «በይ ቶሎ! ፋራ አትሁኚ!»

በሩ ተከፈተ። ጠበቃዋ እያለከለኩ ገብተው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። «ጨረሳችሁ?»

ቀጭኔ እስክሪብቶውን ከደነችው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

ነገረቻቸው። ራዲዮ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ጊዜ እግሯን ረገጠቻት፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀጭኔ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ የሞከረችውን ሰባትም አልደበቀችም።

ጠበቃዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።  ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ፣ ከዚያ እስክሪብቶው ላይ ሄደ፤ እዚያም ትንሽ ቆየ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስምንት ወር ለፍቻለሁ። እኔ አንድ ነኝ፣ እነሱ ሦስት።»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ይቅርታሽ ነገ አይረዳንም። ካወቅሁ በኋላ ይህንን እውነት ነው ብዬ ማቅረብ አልችልም።» ድምፃቸው ቆጣ ብሎ ተነሳና መልሶ ወረደ። «ሁለት መንገድ አለ። ደብተሩን ትተን እንገባለን፤ ያኔ ባዶ እጃችንን ነን። ወይም ደብተሩ ይገባል፣ አንቺም ማንም ሳይጠይቅሽ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። ሰፈርተኛው ሁሉ፣ አስተማሪሽም በተቀመጡበት ነው ሦስቱ ጠበቆች የሚያብጠለጥሉሽ። ልጅ ነሽ፤ የሚያስገድድሽ የለም። ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪና አሳውቂኝ።»

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ስትነግረው የስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጣት። እንደ መቆጣትም እንደ ማዘንም አደረገው። የሠርግ ልብስ ያዘዙት፣ ሱሪ የሚያሳጥሩት፣ ደንበኞቹ ሁሉ ከሳሾቹ አርባ ቤቶች ናቸው።

«ያኮርፉኛል» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አንቺንም አይለቁሽም።» የያዘውን ጨርቅ አገላብጦ አየው። «እንግዲህ የተሳሳተ ስፌት በካውያ አይቃናም። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጠበቃዋ ምንም መግቢያ ሳያደርጉ ጠየቋት። «በዚህ ደብተር ውስጥ ሳትለኪ የጻፍሽው ቁጥር አለ?»

«አለ። አሥራ ዘጠነኛው ሳምንት። ያን ቀን ኳስ ስጫወት ነበር። ቁጥሩን ከበፊቱ ሳምንት ገለበጥኩ።»

ከኋላዋ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዲት ሴት «ልፋታችንን ውሃ በላው በሉኛ!» ስትል ጎልቶ ተሰማ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

የፋብሪካው ጠበቃ ተነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ያን ቀን ዋሽተሻል ማለት ነው?»

«ዋሽቻለሁ።»

«ሌሎቹን ሠላሳ ቀናትስ አለመዋሸትሽን በምን እንወቅ?»

 «አላውቅም። እኔ ሄጄ የለካሁትን ነው የጻፍኩት። ከዚህ ሌላ የማሳየው የለኝም።»

«አመሰግናለሁ» አለ ሰውዬው፣ የሚበቃውን ያህል እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብሎ። ተቀመጠ።

ቀጭኔ ልትወርድ ስትል ዳኛው በእጃቸው አስቆሟት። ደብተሩን በራሳቸው እጅ እየገለጡ ነበር። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ሳምንት ፋብሪካው ዝግ እንደነበር ተከሳሹ ራሱ ባስገባው ሰነድ ላይ አለ። ለመሆኑ ብትሄጂ ኖሮ ውሃውን እንዴት ታገኚው ነበር?»

 የጠበቃዋ እስክሪብቶ ቆመ። ራዲዮ ከሁለተኛው ረድፍ አንገቷን አስግጋ በከንፈሯ ብቻ «ጥርት! ጥርት!» ትላለች። አርባ ቤት የሚጠብቃት አንዲት ቃል ናት። ቃሏም ምናልባት እውነት ናት።

«አልሄድኩም» አለች ቀጭኔ።  «ስለዚህ አላውቅም፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ አጎንብሰው ረጅም ነገር ጻፉ።

ትእዛዙ ሲነበብ ማንም አላጨበጨበም። ደብተሩ ከአንድ ገጽ በቀር ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ ምን ያህል እንደሚታመን ግን ፍርድ ቤቱ ገና ይመዝናል። ወንዙ ቢጠራም ጭቃው የቆየውን ቆሻሻ ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ባለሙያ ከወንዙ ሥር ጭቃ አውጥቶ ይመርምር። ለሁለት ወር ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ።

ከውጭ ደረጃው ላይ ሰው እየጎረፈ ወረደ። ቀጭኔ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰላም የምትላቸው ጎረቤት አጠገቧ ሲደርሱ ፊታቸውን አዙረው አለፉ። «ለአንዲት ቁጥር!» አሉ ለጓደኛቸው፣ እንድትሰማ አድርገው። ራዲዮ እናቷን ይዛ ቀድማ ሄዳለች፤ ዞር ብላ አየቻት፣ እጇን ግን አላነሳችም።

ጠበቃዋ ፋይላቸውን እንደታቀፉ መጥተው ጎኗ ቆሙ። ደክሟቸዋል። «ያሸነፍን ይሁን የተሸነፍን እኔም አላውቅም» አሉ። «ጭቃው ምን እንደሚል እናያለን። በሚቀጥለው ግን እንደገና ሊጠሩሽ ይችላሉ፤ ከዛሬው ይብሳሉ። አልመጣም ብትይ አልቀየምሽም። ደብዳቤ ጽፌ አስቀርሻለሁ።»

ቀጭኔ ሰዎቹ መንገዱን ተሻግረው እስኪያልቁ ድረስ አየቻቸው።

«ቀጠሮው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለች።