ራይት ብቻ ያለበት ወረቀት

የዘጠኝ ወሩ ሕፃን ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ እንኳ ተቀይሯል። ፊት ለፊቱ ባለው አልጋ ግን ያው በሽታ የያዛት የስድስት ወር ልጅ፣ ዐይኗ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ተኝታለች። የሚሰጣት የመርፌ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎባታል፤ ቁልፉ የሟቹ ጉዳይ እስኪጣራ ድረስ በመርማሪዋ ኪስ ነው። የእሷም እናት በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። ምን ታድርግ!

መርማሪዋ ራሷ ሐኪም ነበረች፤ አሁን የሕክምና ቅሬታ ታጣራለች። ሌላው ያላየውን እሾህ ነቅላ ስለምታወጣ ሠራተኞቹ ከኋላዋ «ጉጠት» ይሏታል።

«ይቺ ልጅ ስንት ቀን ትጠብቃለች?» ብላ ጠየቀች።

«ነገን እንጃ» አለ ዶክተሩ። እጁን የት እንደሚያኖር የጠፋው ሰው ይመስላል። «የሁለቱም ሕፃናት ሰውነት የገዛ ጉበታቸውንና የገዛ ደማቸውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያፈርሳል። በየቀኑ ጠዋት በሚሰጥ ሽሮፕ ነው የምናበርደው። የሞተው ልጅም መጀመሪያ ድኖ ነበር። ከዚያ ደሙ ወረደ። ሁለት ቀን አስተኝተን ደም ሰጠነው፤ መልሶ ወረደ። ሽሮፑን በሰጡት ቁጥር ቤት ራይት የሚያደርጉበትን ወረቀት አየሁ፣ በየቀኑ ራይት አለበት። የሽሮፑ ጠርሙስም በልኩ ነው የጎደለው። ስለዚህ ሽሮፑ አቃተው ብዬ ጠንካራውን በደም ሥር ሰጠሁት።»

«ጠንካራው ደግሞ የመከላከል አቅሙን አብሮ ያወርዳል።»

«በሦስተኛው ሳምንት ሳንባው በኢንፌክሽን ተመታ» አለና አንገቱን ደፋ።

የልጁ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «በመርፌ ገደሉብኝ!» ብሎ የከሰሰው እሱ ነው። ስለዚህ መርማሪዋ መጀመሪያ መርፌውን ያዘጋጀችውን ነርስ ጠራች።

«በሁለት ሰው ፊት ነው የለካሁት። ብልቃጡም ፊርማውም ይኸው» አለች ነርሷ፣ ሳትጠየቅ ተቆጥታ።

መርማሪዋ አንድ በአንድ አመሳከረች። ልክ ነው። «እናትየዋስ?»

«መጀመሪያ ዝርክርክ ነበረች። አራት ቀን ባዶ የሆነ ወረቀት አመጣችልኝ። ተናገርኳት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሰዓት ነች።»

«የት ነው የተናገርሻት?»

«እዚሁ፣ ተራ የሚጠብቁት ፊት።»

«ምን አልሻት?»

ነርሷ ብልቃጡን አንስታ ወደ ቦታው መለሰች።

መርማሪዋ የሄደችበት የሟቹ ልጅ ቤት ሁለት ክፍል ነው። የልጁ እናት ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ በሳምንት አራት ቀን ማለዳ ፈረቃ ናት። አያትየዋ፣ የእናትየዋ እናት፣ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ትወለውላለች። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«ማነው ሽሮፑን የሚሰጠው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየዋ። «እማዬ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መለካት ትፈራለች።»

«አንድ ጠብታ ቢበዛበትስ ብዬ ነው የኔ ልጅ» አለች አያትየዋ ቶሎ። «ሕፃን አይደል? ሻይ ትጠጫለሽ? ቀዝቃዛ ነው ወንበሩ፣ ትራሱን አድርጊበት።»

አባትየው ስልኩን ዘረጋ። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ያነሳው ፎቶ አለ። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ዱባ ነበር የምለው። መድኃኒቱ ጉንጩን ሲነፋው ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔ ግን... ዱባዬ!»

መርማሪዋ ፎቶዎቹን በቀን በቀናቸው አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ጠንካራው መድኃኒት ሊሰጠው ሲል ዱባው ሎሚ አክሎ ነበር።

«ወረቀቱን ልውሰደው?»

አያትየዋ መወልወሏን አቆመች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ዶክተሩ ክፍል ተሰበሰቡ። በግድግዳው በኩል የትንሿ ልጅ ልቅሶ ይሰማል።

«መርፌው በልኩ ነው የተሰጠው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሽሮፑ ጉንጭ ይነፋል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ጉንጩ ይሟሽሻል። የልጁ ጉንጭ የጎደለው በወረቀቱ ላይ አንድ ቀን ባልጎደለበት ወር ነው። ስለዚህ ልጁ ብዙ ቀን አልዋጠም። ዶክተር፣ ይህን ከፊቱ ማንበብ ይቻል ነበር።»

«ወረቀት ሳይ ፊቱን አላየሁትም» አለ ዶክተሩ።

«ግን ጠርሙሱ ይጎድላል። አንድ ሰው እየለካ ይደፋል፣ ራይትም ያደርጋል ማለት ነው። ማን? ይህን ተመልከቱ። ወሩ በገባ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ልጁ እዚህ ተኝቶ ደም ይወስድ ነበር። ሽሮፑን የሰጠው ሆስፒታሉ ነው። የቤቱ ወረቀት ላይ ግን ለሁለቱም ቀን ራይት አለ። እናቱ ከአልጋው ሥር አልተነሳችም፤ ነርሶቹ ያውቃሉ። አባቱ መንገድ ላይ ነበር። ቤት የቀረው...»

«እኔ ነኝ» አለች አያትየዋ።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ልጄን በሰው ፊት “አንቺ ነሽ የምትገድይው” አሏት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ባየሁ ቁጥር ሞላሁት። ሽሮፑን ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ሁሌ ባዶ የምሞላ ሰው፣ ሆስፒታል መሆናቸውንም አላሰብኩት። ልጄ እንዳትዋረድ ብዬ... ልጇን!»

እናት ለልጇ ስትል ምን የማታደርገው አለ? ግን ይህን እያወቀ እንኳ ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«እሷ ብቻ አይደለችም» አለች እናትየዋ። «በማለዳ ፈረቃዬ ይተኛል፤ መራራ ነው፣ ይተፋዋል፣ ይረፍድብኛል። ማታ እሰጠዋለሁ እልና እንቅልፍ ይጥለኛል። በማግስቱ ወረቀቱ ሞልቶ አገኘዋለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ደስም አለኝ።»

አባትየው ሚስቱን አየ። «እኔም በስልክ “እንዳታሳፍሪኝ” ብዬሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ክሱን የጻፈበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አነሳና አጠፈው። ከዚያ ተነስቶ አማቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ አልነካት፣ ግን አልሄደም።

«ሽሮፑን ቢውጥ ይድን ነበር?» አለች አያትየዋ።

«ይድን ነበር ብዬ ልምል አልችልም እናቴ» አለች መርማሪዋ። «አይድንም ነበር ብዬም አላጽናናዎትም። ጠንካራው መድኃኒት ግን በውሸት ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው የተሰጠው። ወረቀቱ እንዲዋሽ ያደረግነው ደግሞ ሁላችንም ነን። ሪፖርቴ ላይ የማሰፍረው ይህንኑ ነው።»

ቁልፉን ለዶክተሩ ሰጠችው። እሱ ማቀዝቀዣውን ከመክፈቱ በፊት ወደ ትንሿ ልጅ አልጋ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ጉንጮቿን ረጅም ጊዜ አያቸው። ተነፍተዋል፤ ሽሮፑን ስትውጥ ቆይታለች።

ነርሷ ወንበር ስባ ከትንሿ ልጅ እናት ፊት ተቀመጠች። ከዚህ በፊት ስትቀመጥ ያያት የለም።

«ሽሮፑ ያመለጠሽ ቀን አለ እንዴ የኔ እህት? ለሁሉም ያመልጣል። ለልጅቷ ስል ነው የምጠይቅሽ።»

ሴትየዋ በር ላይ ተራ ወደሚጠብቁት ዞር ብላ አየች። ወረቀቷ ላይ ሁሉም ራይት ነው።

«ሦስት ቀን» አለች በሹክሹክታ።

«ሦስት» አለች ነርሷ፣ እሷም በሹክሹክታ። «ጎበዝ። የትኞቹ ናቸው? አብረን እንሰርዛቸው።»