የይታያል መሐላ

የማርያም ቅዳሴ ሳያልቅ የይታያል ሬሳ ከገዛ ጉድጓዱ ወጣ። መጀመሪያ ያየችው ውኃ ልትቀዳ የመጣችው ጎረቤቱ ባንቺዓለም ናት። ነጭ ጋቢ ውኃው ላይ ተንሳፎ ሲታያት የጮኸችው ጩኸት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰማ። ሚስቱ ይርጋነሽ ከሴቶች መቆሚያ እየሮጠች ስትመጣ ነጠላዋን አጥር ይዞት ቀረ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ከንፈሩን መጠጠ። ከመሃል አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈረደበት» አለ። ማን እንደ ፈረደበት የጠየቀ የለም፤ ለምን እንደ ፈረደበትም የጠየቀ የለም። የብቸና ሰው የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

የብቸና ፖሊስ የምርመራ ኃላፊ ለሟች የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ጉዳዩ ለሌላ ሰው መሰጠት ነበረበት። መንገዱ ክፍት ስለነበር ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ በዚያው እሑድ ከሞጣ ደረሰች። ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ለቅሶ ቤቱን አልፋ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ሳጅን ፋንታ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«የተነካ ነገር አለ?»

«ሬሳውን ከማውጣት በቀር ምንም አልተነካም። ያወጣነውም በራሳችን ገመድ ነው።»

ጉድጓዱ በእጅ የተቆፈረ ነው። አፉ ዙሪያውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከቧል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ለስላሳ አፈር ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ እስከ አፉ ውኃ የተሞላ ጣሳ ተቀምጧል። የቤቱ ባልዲ ከነገመዱ እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ጥሩአየሁ ገመዱን በጣቶቿ ዳበሰችው፤ እንደ ገለባ ደርቋል። ባልዲው ውስጥ ስታይ አቧራና አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል አገኘች።

«ሊጠጣ አጎንብሶ አዳልጦት ነው የሚሉት» አለ ፋንታ።

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ነፍሱ አልወጣችም ነበር ብሏል።»

«አጎንብሶ በፊቱ የወደቀ ሰው እንዴት ማጅራቱን ይመታዋል?» አለች።

ይርጋነሽን ከአልቃሾች ለይታ ጓዳ አስገባቻት። ሴትየዋ ፊቷ ተቧጥጧል። ከበሩ ኋላ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ቆሟል፤ ከበላዩ ባዶ ሚስማር ግድግዳው ላይ ተመቷል።

«ጣሳው የሚሰቀለው እዚህ ነው?»

«እዚያው ነው። ልጄ፣ ምን ታደክሚኛለሽ? የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩአየሁ አልደነገጠችም። «እንዴት አድርገው ገደሉት?»

«በኀጢአቴ ነዋ!» ይርጋነሽ ደረቷን መታች። «ከብዙ ዓመት በፊት በድንበር ጠብ ሰው ተገደለ። ጎረቤታችን ስጦታው ነው ገዳዩ ተብሎ ታሰረ። ይታያል መስቀል ጨብጦ ምሎ ‹ሲመታው አይቻለሁ› አለ። አላየም። እኔ ነኝ እግሩ ላይ ወድቄ ያስማልኩት።»

«ማንን ለማዳን?»

ይርጋነሽ ከንፈሯን ነከሰች። «እሱን ከኔ አፍ አትሰሚም።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ስጦታው እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ዓመት ሳይሞላ ልጃችን ማርያማዊት ታመመች፤ ቀበርናት። ሌላም አልወለድኩ። ይታያል ‹ዳዊት ቢበድል ልጁ አይደል የሞተበት? እኛም የኦርዮን ደም ነው የምንከፍለው› እያለ ያለቅስ ነበር። ከመሐላው ወዲህ ሥጋ ወደሙ ቀርበን አናውቅም። ዛሬ ግን ንስሐችንን ጨርሰን አብረን ልንቆርብ ነበር። እሱ ከብቶቹን አስወጥቶ ሊከተለኝ፣ እኔ ቀድሜ ሄድኩ። በሩን በሩን ሳይ…»

«ልትቆርቡ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?»

«የንስሐ አባታችን። ለሌላ ሰው ምን ብለን እናወራለን? ያን ሁሉ ዓመት ርቀን መኖራችንም ያሳፍረናል።»

ከተማው ግን ሌላ ሰው ነበር በዓይኑ የሚያሳድደው። የስጦታው ልጅ ወይንእሸት ቅዳሜ ከሞጣ መጥታ በይታያል ደጅ ስትጮህ ሰው ሰምቷታል። ሞጣ የምታስተምር ወጣት ናት። ጥሩአየሁ ልጅቱ ባረፈችበት አልጋ ቤት በረንዳ ላይ አገኘቻት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። ልትሸሽ ግን አልሞከረችም።

«ልታስሪኝ ከሆነ ተነሥቻለሁ» አለች። «እርግማኔ ነው የገደለው።»

«እርግማን ማሰር አልችልም። የሆነውን ንገሪኝ።»

«ስልክ ደውሎ ‹ነይልኝ› አለኝ። ደጁ ድረስ መጣሁ። እግሬ ላይ ወድቆ ‹አባትሽ ንጹሕ ነበር፤ ሰኞ ሕግ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ነገ ልቆርብ ነው፤ አንቺ ይቅር ሳትይኝ እንዴት እቀርባለሁ?› አለኝ። እውነተኛው ገዳይ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ‹ለሕግ እናገራለሁ› ብሎ ስሙን ሳይጠራልኝ ቀረ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ወይንእሸት አንገቷን ደፋች። «‹የአባቴ ደም ይፋረድህ፤ የምትቀበለውም እሳት ይሁንብህ› አልኩት። መሬት ላይ እንደተንበረከከ ትቼው ሄድኩ። ከደጃፉ አላለፍኩም። ያየሁት የመጨረሻው ነገር ሽበቱን ነው።» «አባቴን ሲቀብሩ ማንም ሽበቱን አላሳየኝም» ስትል ጨመረች።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሕይወት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ስር ተቀምጠው ነበር። ጥሩአየሁ መስቀል ተሳልማ ከፊታቸው ቆመች።

«የንስሐ ምስጢር ነው፤ አልናገርም» አሉ ሳትጠይቃቸው።

«ስለ ንስሐው አልጠይቅዎትም፣ አባ። ይታያል ከእርስዎ ዘንድ ከወጣ በኋላ እርስዎ ወዴት ሄዱ?»

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው ከሽፋሽፍታቸው ስር ወጣ። «አንዱ ነፍስ ሲድን ሌላውም አብሮ ይዳን አልኩ። ‹ወንድምህ ይታያል ሕግ ፊት ሊቀርብ ቆርጧል፤ አንተም ቀድመህ ተመለስ› ብዬ ለመንኩት። የታመንኩበትን ምስጢር ሜዳ ላይ ጣልኩት።»

«ሰውየው ማን ነው?»

«አፌን አንድ ጊዜ ከፍቼ ሰው ሞተ። ደግሜ አልከፍተውም።»

«ስሙን አይንገሩኝ። ይታያል ሊቆርብ መሆኑን ግን ነግረውት ነበር?»

አሰቡ። «አልነገርኩትም። የሕጉን ነገር ብቻ ነው ያነሣሁበት።»

ለቅሶ ቤቱን ወዲያ ወዲህ እያለ የሚያስተናግደው የይርጋነሽ ወንድም አቶ ታዘበው ነው። ብቸና ውስጥ እህል የሚነግድ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ድንኳን ያስተከለው፣ ወንበር ያስመጣው፣ ድምፁ እስኪዘጋ ያለቀሰው እሱ ነው። በድንበር ጠቡ ጉዳይም ሁለተኛው ምስክር እሱ እንደነበር ጥሩአየሁ ከፋንታ ሰምታለች።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ እሱም። «ይህን ጉድጓድ ክደነው ልለው ልለው እያልኩ ዝም አልኩ።»

«እንዴት የወደቀ ይመስልዎታል?»

«ሟች ጨጓራው ይነደው ነበር። ከእንቅልፉ ተነሥቶ ውኃ ሳይጠጣ ውሎ አያውቅም። ዛሬም እንደ ልማዱ ሊጠጣ ወጥቶ ነው።»

«ዛሬም?»

«ዛሬ ከሌላው ቀን በምን ይለያል?» ታዘበው በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ጩኸቱ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«በስጦታው ላይ መስክረዋል አሉ።»

«ያየሁትን መስክሬያለሁ» አለ፤ እጁ ግን ነጠላውን ጠምዝዞ ይዞት ነበር።

በማግስቱ ይታያል ተቀበረ። ከቀብር መልስ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ጥሩአየሁ ይርጋነሽን፣ ቄስ ገብረ ሕይወትንና አቶ ታዘበውን ወደ ቤት አስገባቻቸው። ወይንእሸትን ያመጣት ፋንታ ነው። ልጅቱ መግቢያው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ይርጋነሽ እጇን ስባ አስገባቻት። ወይንእሸት ከሁሉም ራቅ ብላ ተቀመጠች። ፋንታ በሩ ላይ ቆመ።

«ይታያል በራሱ አልወደቀም» አለች ጥሩአየሁ። «የተመታው ከኋላው ነው። ሲወድቅ ያገኘው ነው እንዳንል የጉድጓዱ ግድግዳ አፈር ነው፤ ማጅራቱን የሚፈነክት ድንጋይ የለውም። አንድ ሰው መትቶት ነፍሱ ሳትወጣ ጣለው።»

ጥሩአየሁ ቀጠለች።

«ከዚያ ጣሳ ተቀመጠ። ጣሳው ሙሉ ነበር፤ ባልዲውና ገመዱ ግን ደረቅ ናቸው። ስለዚህ ውኃው ከጉድጓዱ አልተቀዳም፤ ከጓዳው ጀሪካን ነው የመጣው። እዚህ ቤት የሞላ ውኃ ያለው፣ ጣሳውንም የሞላ ሰው ጉድጓድ ላይ የሚያጎነብስበት ምክንያት የለውም። ጣሳውን ያኖረው ገዳዩ ነው፤ ሊጠጣ ሲል ወደቀ እንድንል።»

«ታዲያ እሷን ለምን አትጠይቂም?» አለ ታዘበው ወደ ወይንእሸት እያየ። «በደጁ የጮኸችው ማን ነው?»

«ወይንእሸት ከደጃፍ አላለፈችም። ጣሳው ከበሩ ኋላ ጨለማ ውስጥ ይሰቀላል፤ ቤቱን የማያውቅ ሰው አያገኘውም። ይታያል ጠዋት ጠዋት ውኃ እንደሚጠጣም አታውቅም። ጣሳ ማኖር የሚታሰበው ልማዱን ለሚያውቅ ሰው ነው።»

«ልማዱንማ ሁላችንም እናውቃለን» አለ ታዘበው።

«አዎ፤ ይርጋነሽ ታውቃለች፤ አባም ያውቃሉ። ግን እነሱ ቢሆኑ ጣሳ አያስቀምጡም ነበር።» ጥሩአየሁ እያንዳንዳቸውን ተራ በተራ አየች። «እትዬ ይርጋነሽ፣ ትናንት ጠዋት ይታያል ውኃ ይጠጣ ነበር?»

«እንዴት ይጠጣል! ፊቱን እንኳ አልታጠበም፤ ጠብታ አፉ እንዳትገባ ብሎ።»

«አባስ?»

«አይጠጣም» አሉ ቄሱ።

«ወይንእሸት?»

«አይጠጣም፤ ምክንያቱን ነግሮኛል።»

«አቶ ታዘበው፣ ለምን እንደማይጠጣ እርስዎ ያውቃሉ?»

ታዘበው ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኑን አንከራተተ። «ለምን?»

«ሊቆርብ ነበር።»

ታዘበው የግንባሩን ላብ በነጠላው ጠረገ። «ሊቆርብ? … ትናንት ጠዋት ‹ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልመለስና እናወራለን› አለኝ እንጂ … ሊቆርብ መሆኑን አልነገረኝም …»

የተናገረውን ራሱ ሰማው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ተናገረ። ድንበር ላይ ሰው የገደለው እሱ ነው። ቅዳሜ ቄሱ ሊመክሩት መጡ። ጎሕ ሲቀድ አማቹን ዝም እንዲልለት ሊለምነው መጣ፤ ሊገድለው አልመጣም። «አልቆጣኝም። ‹አንተም ና አብረን እንናገር› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ የእስር ቤቱ በር ታየኝ። የበሩን መወርወሪያ አነሣሁ …» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው። እሱ ነው ቤታችን ውስጥ የገባው።»

«ጣሳውን የሞላው የእርስዎ እጅ ነው» አለች ጥሩአየሁ። «እግዚአብሔርን የእጅዎ ሽፋን አያድርጉት።»

ቄስ ገብረ ሕይወት ጥምጥማቸውን ፈቱ። ነጩን ጨርቅ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ምላሴ ገደለው» አሉ፤ «ነገ ወደ ሀገረ ስብከት ሄጄ በራሴ ላይ አስፈርዳለሁ። እስከዚያ መስቀል ለማንም አላሳልምም።»

ይርጋነሽ ወንድሟ ፊት ሄዳ ቆመች። ልትመታው የመሰለው ፋንታ ተራመደ፤ እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «አንተን ላተርፍ ብዬ የሰው አባት አሰርኩ። ልጄን ቀበርኩ። ባሌን ቀበርኩ። አሁን አንተም ቀረህብኝ።» ወደ ጥሩአየሁ ዞረች። «ጻፊ ልጄ። የያኔውንም የአሁኑንም እመሰክራለሁ። በደንብ ጻፊው።»

ፋንታ ታዘበውን በጓሮ በር ወሰደው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እንዳያይ። ወይንእሸት ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። የሞጣ መኪና ሊወጣ ነው፤ ጥሩአየሁም ልትሳፈር ነው። ይርጋነሽ ግን የወይንእሸትን መንገድ ዘግታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለኔ አልጠይቅሽም» አለች። «ለሱ ብቻ። ለይታያል። ይቅር በይው።»

ወይንእሸት ከፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ቅዳሜ ማታ አልተኛሁም» አለች። «አልጋ ቤት ሆኜ ያን ሽበት ሳስብ አደርኩ። ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቄ ‹ይቅር ብዬሃለሁ› ልለው ለብሼ ነበር። ጫማዬን ሳስር ጩኸቱን ሰማሁ። አሁን ለማን ልንገረው?»

ይርጋነሽ እጇን ዘረጋች። ከውጭ የአልቃሾች ድምፅ ከፍ አለ። ወይንእሸት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፋች፤ ሴትየዋን ደግፋ አነሣቻትና ተያይዘው ወደ ድንኳኑ ወጡ። ሰዉ ማን እንደሆነች ሲያውቅ ለቅሶውን አቆመ። እሷ ከሴቶቹ መካከል ቦታ ፈልጋ ተቀመጠችና ለአባቷ ሳታለቅስ የቀረችውን ለይታያል ማልቀስ ጀመረች።

ጥሩአየሁ ወደ ሞጣ ብቻዋን ተመለሰች።